ቁጥሩ ደረሰ፤ ትርጉሙስ?

የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የምንፈልገው በማሽኑ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ማሽኑ አርጅቷል፣ ፕሮግራሙ ስሕተት አለበት፣ ኔትወርኩ ተቋርጧል እንላለን። ይሁን እንጂ በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች መካከል እጅግ አስቸጋሪዎቹ የሚገኙት በአንዱም ማሽን ውስጥ አይደለም፤ በሁለት ማሽኖች መካከል ነው። ይህ “መካከል” የምንለው ቦታ በሙያው ቋንቋ ኢንተርፌስ፣ በአማርኛ ደግሞ በይነ ገጽ ይባላል። በይነ ገጽ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በስክሪን ላይ የምናያቸው አዝራሮችና ሣጥኖች ናቸው። እዚህ ላይ የማነሣው ግን ሰው ስለማያየው በይነ ገጽ ነው፤ ይኸውም የአንድ መሥሪያ ቤት ልዩ ልዩ ሥርዓቶች፣ ማለትም የሒሳብ፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የንብረትና የመሳሰሉት፣ መረጃ የሚረካከቡበት በር ነው።

ይህን በር የሚገልጸው ሰነድ በየቦታው ከሥራው ሁሉ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ ብቻ የሚጻፍ ወረቀት ሆኗል። በዚያም ላይ አደረጃጀቱ የተገለበጠ ነው። በመጀመሪያ የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ የዓምዶቹን ብዛት፣ ከዚያም እያንዳንዱ ዓምድ ስንት ፊደል እንደሚይዝ ይዘረዝራል። በዓምዱ ውስጥ ያለው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ወይ በመጨረሻ በአንዲት መሥመር ይጠቅሳል፣ ወይም ጨርሶ አያነሣውም። እኔ ተቃራኒውን እደግፋለሁ፤ ሰነዱ ከትርጉም ይጀምር፣ ቅርጽ ይከተል እላለሁ። የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱን ከሚከተለው ታሪክ ያገኘዋል።

ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 11 ቀን 1998 ወደ ማርስ ተላከች። ጉዞዋን የሚመሩት ሁለት ቡድኖች ነበሩ። አንደኛው በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና የሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የጉዞ መሥመር ስሌት ቡድን ሲሆን፣ ሁለተኛው መንኮራኩሯን የሠራውና ከኮሎራዶ፣ ዴንቨር ሆኖ የሚቆጣጠራት የሎክሂድ ማርቲን ኩባንያ ቡድን ነበር። መንኮራኩሯ አቅጣጫዋን የምትጠብቀው በውስጧ በሚሽከረከሩ ዲስኮች ነው። የፀሐይ ብርሃን ግፊት በአንድ ጎኗ ብቻ በተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ መንኮራኩሯን ስለሚያዞር፣ ዲስኮቹ ያንን ለመቋቋም ፍጥነታቸውን እየጨመሩ ይሄዳሉ። ፍጥነታቸው ከልክ ከማለፉ በፊት አነስተኛ ሮኬቶች ለጥቂት ጊዜ ተተኩሰው የተጠራቀመውን ሽክርክሪት ማራገፍ ይኖርባቸዋል። ይህ ተኩስ ታዲያ አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን የመንኮራኩሯንም የጉዞ መሥመር በመጠኑ ይገፋል። ስለዚህም የዴንቨሩ ሶፍትዌር ተኩሱ የሰጠውን ኢምፐልስ፣ ማለትም የጉልበትና የጊዜን ብዜት፣ አስልቶ በፋይል ይጽፋል፤ የፓሳዴናው ሶፍትዌር ደግሞ ያንን ፋይል አንብቦ የጉዞ መሥመሩን ያርማል።

በሁለቱ መካከል የተጻፈ የበይነ ገጽ ሰነድ ነበር። ሰነዱም ኢምፐልስ በኒውተን ሰከንድ ይጻፍ ይል ነበር። የዴንቨሩ ሶፍትዌር ግን በፓውንድ ሰከንድ ጻፈ። አንድ ፓውንድ ጉልበት 4.45 ኒውተን ያህል ስለሆነ፣ የፓሳዴናው ቡድን የእያንዳንዱን ተኩስ ግፊት ከእውነተኛው በአራት ተኩል እጥፍ ገደማ አሳንሶ አነበበው። ፋይሉ ራሱ አንዳችም ጉድለት አልነበረውም። ዓምዶቹ በቦታቸው ናቸው፤ ቁጥሮቹም ቁጥሮች ናቸው። በቅርጽ በኩል የሚመረምር ማንኛውም ፕሮግራም “ትክክል ነው” ብሎ ያሳልፈው ነበር።

ለምን አልታወቀም? ለዚህ ከአንድ በላይ ምክንያት አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ለፊዚክስ ተማሪ የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ነው። ከምድር ሆነን የመንኮራኩርን ፍጥነት የምንለካው በዶፕለር ክስተት ነው። ዶፕለር ደግሞ የሚያሳየው ወደ እኛ የሚቀርበውን ወይም ከእኛ የሚርቀውን የፍጥነት ክፍል ብቻ ነው። የእነዚህ ተኩሶች ውጤት በአመዛኙ ከእይታ መሥመራችን ጋር ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ስለነበር፣ መለኪያችን በቀጥታ ሊያየው አልቻለም። በዚህም ላይ ሰሌዳው በአንድ ጎን ብቻ በመሆኑ ምክንያት ተኩሱ መሐንዲሶቹ ከገመቱት ከ10 እስከ 14 እጥፍ ደጋግሞ ይፈጸም ነበር። ትንንሹ ስሕተት ለዘጠኝ ወራት ተጠራቀመ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 መንኮራኩሯ ከማርስ በስተጀርባ ስትሰወር የሬዲዮ ምልክቷ ከተጠበቀው 49 ሰከንድ ቀድሞ ጠፋ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ከማርስ ገጽ በላይ በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ታልፋለች የተባለችው መንኮራኩር፣ በኋላ እንደ ተሰላው ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወርዳ ነበር። ልትተርፍ ትችል የነበረበት ዝቅተኛው ከፍታ 80 ኪሎ ሜትር ነበር።

ይህ ታሪክ በየክፍሉ “የመለኪያ አሃድ መጻፍ አትርሱ” ለማለት ሲጠቀስ እሰማለሁ። እኔም ራሴ አሃድ ላልጻፈ ተማሪ ነጥብ አልሰጥም፤ ተማሪዎቼ በዚህ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የታሪኩ ዋና ትምህርት ሌላ ይመስለኛል። አሃዱ በሰነዱ ተጽፏል። የጎደለው፣ በሰነዱ የተጻፈው ነገር በፋይሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጥ አንድም እርምጃ ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ፋይሎቹ የቅርጽ ስሕተት ስለነበረባቸው ጥቅም ላይ ሊውሉ አልቻሉም፤ የሁለቱ ቡድኖች ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ የሚግባቡት በኢሜይል ነበር። ቅርጹ በ1999 ሚያዝያ ገደማ ተስተካከለ። ቅርጹ ሲስተካከል ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለ። እዚህ ላይ ነው የኔ ክርክር የሚጀምረው፤ ቅርጽ ላይ ስንደክም ከቆየን፣ ቅርጹ በተቃና ዕለት ሥራው አልቋል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ምሳሌ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁን 4 ቀን 1996 የመጀመሪያዋ አሪያን 5 ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና፣ ከኩሩ ተተኩሳ 40 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላት ተበታተነች። የአቅጣጫ መለኪያው ሥርዓት ከቀዳሚዋ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ቁጥር ሲለወጥ፣ ከ32,767 በላይ ስለሆነ ሊያዝ አልቻለም። መለኪያው ሥራውን አቁሞ የብልሽት መግለጫ መልእክት ላከ፤ ዋናው ኮምፒዩተርም ያንን መልእክት የበረራ መረጃ መስሎት የሮኬቱን አፍንጫ በኃይል አጣመመው። በሒሳብ ሊቁ በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን እንዳመለከተው፣ በመለኪያው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ የአሪያን 5 የጉዞ መሥመር እንዲካተት አልተደረገም ነበር። እንግዲህ በማርሱ ጉዳይ እውነተኛው ነገር ተጽፎ ሳይፈተሽ ቀረ፤ በአሪያን ግን የተጻፈው ለሌላ ሮኬት እውነት የነበረ ነው። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ “ሰነድ ይኑር” የሚለው ምክር ብቻውን ሁለቱንም አያድንም።

ታዲያ ሰነዱ እንዴት ይደራጅ? እኔ የምለው፣ የሰነዱ ምዕራፎች በፋይሎች ወይም በስክሪኖች መከፋፈላቸው ቀርቶ በሚተላለፉት ነገሮች ይከፋፈሉ ነው። “ፋይል ቁጥር 7፣ ዓምድ 3” የሚል ርዕስ ሳይሆን “የተማሪው የክፍያ መጠን” የሚል ርዕስ ይኑር። በዚያ ርዕስ ሥር በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሁለቱም ወገኖች በተስማሙበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ቀጥሎ መለኪያው፣ ከምን ጀምሮ እንደሚለካ፣ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ፣ አዎንታዊና አሉታዊ ምልክቱ ምን እንደሚያመለክት፣ ሳይታወቅ ሲቀር እንዴት እንደሚጻፍ ይገለጽ። ከዚያ በኋላ የመረጃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ማለትም ልዩነት ሲፈጠር የማን ቃል እንደሚጸና ይወሰን። ዓምዱና የፊደሉ ብዛት በመጨረሻ ይምጣ። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያነብ አዲስ ነገር አያገኝበትም፤ በቤተ ሙከራ ደብተሩ ላይ በየሳምንቱ የሚጽፈው ይህንኑ ነውና።

“ሳይታወቅ ሲቀር” ስላልሁት ትንሽ ልጨምር። ለፈተና ያልቀረበ ተማሪና ቀርቦ ዜሮ ያገኘ ተማሪ አንድ አይደሉም። ባዶነትን በዜሮ የሚጽፍ ሥርዓት፣ በሌላው በኩል አማካይ ውጤት ለሚያሰላው ሥርዓት ሐሰት ይነግረዋል። የሙቀት መለኪያውም እንዲሁ ነው፤ ሲበላሽ ዜሮ የሚልክ መለኪያ በብርዳማ ደጋ ቦታ ሊታመን ይችላል፤ በሰመራ ግን ያስቃል። የሚያስቀው ስሕተት አያሳስብም፤ ሰው ያየዋልና። የሚያሳስበው የሚታመነው ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም ይልቅ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም የምንጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰውን ስም በሌላ መንገድ በሚቆጥሩ ሰዎች ነው። 30/2/2000 የሚል ቀን እንውሰድ። በእኛ አቆጣጠር ይህ ጥቅምት 30 ነው፤ ምንም እንከን የለውም። የውጭው ሶፍትዌር ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል። ጳጉሜን 5 ቀን ማለት 5/13 ነውና ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ የሚያነበው ሥርዓት እርሱንም ይመልሰዋል። ይህ የሚያናድድ ነገር ቢሆንም ደግ ስሕተት ነው፤ ራሱን ያጋልጣልና። ክፉው 12/3/2000 የሚለው ነው። ይህ ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ከሆነ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2007 ላይ ይውላል። ተቀባዩ ሥርዓት ግን ማርች 12 ቀን 2000 ብሎ፣ ወይም አሜሪካዊ ከሆነ ዲሴምበር 3 ቀን 2000 ብሎ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። በማርቹ ንባብ ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ነው። በጡረታ፣ በብድር ወለድ ወይም በሕፃን ክትባት መዝገብ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል አንባቢው ይገምተው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” የሚለው ቀጠሮ በሌላው ሥርዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።

የአማርኛ ጸሐፊዎች ግን ከኮምፒዩተሩ በፊት መድኃኒቱን አግኝተውታል። ከዓመተ ምሕረት ፊት “እ.ኤ.አ.”፣ ከኋላ ደግሞ “ዓ.ም.” እያሉ መጻፍ፣ በቁጥሩ ላይ የማጣቀሻ ሥርዓቱን ማሰር ማለት ነው። ቁጥሩ በሄደበት ሁሉ ትርጉሙ አብሮት ይሄዳል። ከውጭ የምናስመጣው ሶፍትዌር ሁሉ ይህንን ልማድ ቢይዝ በወደድሁ። አይቻልም የሚል ካለ፣ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል።

ወደ ስም እንለፍ። ከውጭ የመጣው ቅጽ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ነው የምንሰጠው። በአንዱ ሥርዓት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም “የቤተሰብ ስም” ተብሎ ይመዘገብና አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንን በሚገባ ያውቁታል፤ አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቤት ሦስት የተለያየ “የቤተሰብ ስም” ይዘው ለየመሥሪያ ቤቱ ማስረዳት አለባቸው። የፊደላችንም ነገር አለ። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደላት የታወቀ ቁጥር ስለሰጣቸው፣ ቀድሞ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር በየራሱ ቁጥር ይጠቀም የነበረበት ችግር ተቃልሏል። ነገር ግን እርሱም ቅርጽን ነው አንድ ያደረገው፤ ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው ናቸው ብሎ አልነገረንም። ስለዚህ በስም ሁለት መዝገቦችን ለማገናኘት መሞከር መጥፎ ንድፍ ነው፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ለአንድ ሰው አንድ ልዩ ቁጥር የሚሰጥ መሆኑ በዚህ በኩል ትልቅ ጥቅም አለው።

ከአሃድና ከቀን ይልቅ አስቸጋሪው ግን የቃል ስምምነት ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ “ተማሪ” ማን ነው? ለሬጅስትራር በዚህ ሴሚስተር የተመዘገበ ነው። ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ነው። ለመኝታ ቤት አስተዳደር አልጋ የተሰጠው ነው። ለፋይናንስ ደግሞ ክፍያ የሚቀርበት ሁሉ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀውም ጭምር። አራቱም ልክ ናቸው። ሥርዓቶቻቸውን የሚያገናኘው ባለሙያ ግን “የተማሪ ዝርዝር” የሚል አንድ ፋይል ያዘጋጅና ያከፋፍላል፤ ከዚያም አቋርጦ የሄደው ልጅ ለምን አሁንም አልጋ እንደ ያዘ፣ ተመራቂው ለምን ከቤተ መጻሕፍት ማስጠንቀቂያ እንደሚደርሰው የሚያስረዳ ይጠፋል።

አሥር ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር በቀጥታ ቢገናኙ 45 ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ሁሉም ወደ አንድ የጋራ መግለጫ ቢተረጉሙ ግን አሥር ትርጉሞች ይበቃሉ። ይህ ሒሳብ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አማካሪዎች የጋራ መግለጫውን እንደ ፈውስ ያቀርቡታል። እኔ ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። የጋራ መግለጫ ማዘጋጀት ማለት አራቱን ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ተማሪ ማን እንደ ሆነ ማስማማት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከፕሮግራም ሥራ ይልቅ የሽምግልና ሥራ ነው። ሊስማሙ ካልቻሉ፣ “የተመዘገበ ተማሪ”፣ “ባለ አልጋ ተማሪ”፣ “ባለ ዕዳ” ብሎ የተለያየ ስም ሰጥቶ ልዩነቱን በግልጽ መጻፍ፣ በአንድ ስም ሸፍኖ ከማለፍ እጅግ ይሻላል። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳስገነዘበው ድርጅቶች የሚነድፏቸው ሥርዓቶች የራሳቸውን የመነጋገሪያ መንገድ ይመስላሉ። በእኛ አነጋገር፣ ቡና አብረው የማይጠጡ ሁለት ክፍሎች የሚሠሯቸው ሥርዓቶችም አይነጋገሩም።

የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። “ሰነድ የሚያነብ የለም፤ ናሙና ፋይል ላክልኝና በአንድ ቀን አገናኝልሃለሁ” ይላሉ የሥራው ባለሙያዎች። እውነታቸውን ነው፤ ናሙና ፋይል ቶሎ ያገናኛል። ነገር ግን ናሙናው የሚያሳየው የተለመደውን ነው። ጳጉሜን አያሳይም፤ ያልቀረበውን ተማሪ አያሳይም፤ ከ32,767 በላይ የሆነውን ቁጥር አያሳይም። ስለዚህ ሰነዱን የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚፈተሽ ማድረግ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ሁለቱም ሥርዓቶች አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡባቸው የሚገቡ ጥቂት ምሳሌዎች ይቀመጡ፤ “ይህ መጠን ይህን ያህል ሲሆን ውጤቱ ይህ ነው” የሚሉ፣ አስቸጋሪዎቹም የተካተቱባቸው። ሥርዓቱ በተለወጠ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞክራቸው። የታወቀ መጠን ያለው አንድ ተኩስ በእንዲህ ያለ ምሳሌ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ የ4.45 እጥፍ ልዩነት መንኮራኩሯ ከምድር ከመነሣቷ በፊት ይታይ ነበር። ኤክስኤምኤል ወይም ጄሶን ተጠቅመናልና ከዚህ ነጻ ነን የሚሉም አሉ። እነዚህ ቁጥሩ ቁጥር መሆኑን ይመሰክራሉ፤ ፓውንድ ይሁን ኒውተን ግን ጻፍ ካልተባሉ አይጽፉም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለኝ ሐሳብ ከዚህ የሚመነጭ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ሥርዓት ከነስክሪኑ ሠርተው ያቀርባሉ፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር እንዲገናኝ ሲጠየቅ ግን አይቼ አላውቅም። ከተመረቁ በኋላ ደግሞ ከሥራቸው ትልቁ ክፍል ሌላ ሰው የሠራውን ማገናኘት ነው። ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር የሚከተለው ይሞከር። የፊዚክስ ተማሪዎች ቡድን በጣሪያ ላይ የፀሐይ ብርሃንና የሙቀት መለኪያ ያቁም፤ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ቡድን መረጃውን ተቀብሎ በግራፍ ያሳይ። ሁለቱ ቡድኖች በቃልም ሆነ በስልክ እንዳይነጋገሩ፣ የሚግባቡበት አንድ ሰነድ ብቻ እንዲኖር፣ ጥያቄና መልሱም በዚያው ሰነድ ላይ ከነቀኑ እንዲጻፍ ይደረግ። በሴሚስተሩ አጋማሽ መምህሩ አንዱን መለኪያ ሳይናገር ይንቀለው፤ ሌላውን ከሴልሲየስ ወደ ፋራናይት ይለውጠው። ነጥቡ ከግራፉ ውበት ላይ ይነሣና በሦስት ጥያቄዎች ይሰጥ፤ ለውጡ ታወቀ ወይ፣ በስንት ጊዜ ታወቀ፣ ያሳወቀውስ ከሰነዱ የትኛው መሥመር ነው። ወጪው የሁለት መለኪያዎችና የአንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር ዋጋ ነው። የሚከብደው የሁለቱ ትምህርት ክፍሎች የነጥብ አሰጣጥ ስለሆነ፣ ክፍሎቹ ሴሚስተሩ ሳይጀምር ተገናኝተው በጽሑፍ ይስማሙበት።